ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ያማሃ 15 ፈረስ ጉልበት የትኛው ካርቡሬተር ይሻለኛል?

የደሴው ጀልበኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኑሮዬ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው፣ ስሙም ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ላይ። በአንዲት የፋይበር ጀልባ እንግዳ አንሸራሽራለሁ፣ ቀን ሲከፋ ደግሞ ለዓሣ አጥማጆች መረብና ቀረሶ ዓሣ አመላልሳለሁ። ሞተሩ ያማሃ 15 ፈረስ ጉልበት ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት።

ክረምቱን ቆሞ ከረመ። መስከረም ላይ ስናስነሳው በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ደህና ይሠራል። ነዳጅ ስሰጠው ግን ያንቀዋል። ብቻዬን ስሆን ይሄዳል፣ አራት ሰው ከተሳፈረ መሀል ላይ ጉልበቱ ይከዳውና ድርግም ይላል።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን ፈታነው። ቤንዚን የሚጠራቀምበት የታችኛው ሳህን ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። አየሩን የምትከፍትና የምትዘጋ ቢራቢሮዋን የያዘው ዘንግ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ሳህኑን ከሚያስሩት ብሎኖች የአንዱ ጥርስ አልቋል።

አሁን የቀረቡልኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ አዲስ የቻይና ኮፒ አለኝ ብሎ ፎቶ ልኮልኛል። አርባ ምንጭ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ጫሞ ሐይቅ ላይ ሲሠራ ከነበረና ከተበተነ ሞተር የወጣ ኦርጅናል አለ ይላል። ሰፈር ያለ ልጅ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር እናስማማ እያለኝ ነው። አሮጌውን በጥገና ኪት አድሰው የሚሉም አሉ። የምታውቁ ምከሩኝ፣ የሥራው ወቅት ሳያልፈኝ።

ሰኞ ገበያ ባጃጅ፦

ወንድም፣ እኔም ደሴ ነኝ። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ይሠራል። ለመስኖ ፓምፕ ገጥሜ የሚሠራ አለ። ብሎኑ ካልገጠመልህ ከወፍራም አሉሚኒየም መሀል የምትገባ ሳህን ይቀረጽልሃል። ዋጋውም አይጎዳህም፣ ዕቃውም እዚሁ ደሴ ይገኛል።

ጣና ዳር፦

ባሕር ዳር ነኝ። እዚህ ያማሃ የሌለው የጀልባ ማቆሚያ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ዕቃውን እናውቀዋለን።

ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያስረው መያዣ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሳህን አለች። ጥረግና አንብባት። "ያማሃ 15" ብቻ ብለህ ዕቃ አትጠይቅ፣ ያማሃ 15 አንድ ዓይነት አይደለም። 63ቪ የሚል አለ፣ 6ቢ4 የሚል አለ፣ ከእነዚህ የቆየም አለ። የዕቃው ቁጥር የሚጀምረው በዚያ ኮድ ነው። ከዚያ 14301 ይላል፣ ካርቡሬተር ማለት ነው። ለምሳሌ የ63ቪ ከሆነ 63ቪ-14301 ይልና የማሻሻያ ቁጥሩ ሁለት አሃዝ ይከተላል። ካርቡሬተሩ ራሱ ላይም ኮዱ ተመትቶበት ይገኛል። ነጋዴው ያን የሚያሳይ ፎቶ ይላክልህ፣ የካርቶኑን አይደለም።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ጋራዥ አለኝ። በብዛት የምሠራው መኪናና ጄኔሬተር ነው። የሐይቅ ጀልባ ሲቸገር ግን ይጠሩኛል፣ እኔም ደሴን አልፌ እወርዳለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ከሁሉ በፊት ችግሩ የካርቡሬተሩ መሆኑን እናረጋግጥ። የነዳጅ ቱቦው ላይ በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ፖምፕ አለች። ሰው ጭነህ ከዳር ሳትርቅ ሂድ። ጉልበቱ መክዳት ሲጀምር አንዱ ቶሎ ቶሎ ይጭመቃት። ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው። ያኔ የነዳጅ ፖምፓውን ዲያፍራም፣ ፊልትሮውን፣ የቱቦውን መገጣጠሚያ እይ። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻም ተዘግታ እንደሆነ እይ። እሷ ተዘግታበት ካርቡሬተር የቀየረ ሰው አውቃለሁ። እየተጨመቀች ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ጣጣው ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው።

እንደጻፍከው ከሆነ መታመሙን አልጠራጠርም። ነጩ ዱቄት ውሃ የበላው የካርቡሬተሩ አካል ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሳህኑ ሥር ይተኛል። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ሆኖ ብረቱን ይበላል። ቤንዚን ሲጠፋ በሀይላንድ ጠርሙስ የምንገዛው ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ዋናው ፍርሃቴ ግን የዘንጉ መወዛወዝ ነው። በዘንጉ ዳርና ዳር ማንም ያልለካው አየር ይገባል። ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል። ፒስተኑ ይግላል፣ ከዚያ ነክሶ ይጣበቃል። ኪት ይበቃል ለሚሉህ መልሴ ይኸው ነው። ኪት ጋስኬትና የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋዋን መርፌ ይቀይርልሃል፣ የተበላ ቤት አይመልስልህም። ዘንጉ ጠበቅ ያለና አካሉ ያልተበላ ቢሆን ኖሮ ኪት ገዝተህ ገንዘብህን ቆጥብ እልህ ነበር።

የሰኞ ገበያው ወንድሜ ቅር አይበልህ፤ ለመስኖ ፓምፕ ያልከው ልክ ነው። ፓምፕ መሬት ላይ ቆሞ በአንድ ፍጥነት ይሠራል። የጀልባ ሞተር ግን ሌላ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ያማሃዎች ነዳጅ ስትሰጥ የሚንቀሳቀሰው ቢራቢሮዋ ብቻ አይደለም። በዚያው ማያያዣ የካንዴላው እሳት የሚወጣበት ጊዜም አብሮ ይቀደማል። ሁለቱ እኩል እንዲሄዱ ታስቦ የተሠራ ነው። የሞተር ሳይክሉ በገመድ የሚሳብ ሌላ ዓይነት ነው፣ ያን ስምምነት ያፈርሰዋል። ሌላም አለ። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ሲሞላ ትርፉን በቱቦ ወደ መሬት ያፈሳል። ጀልባ ላይ የት ይፈስሳል? የሞተሩ ሽፋን ውስጥ፣ ከእሳቱ አጠገብ። ሰው ጭነህ ነው የምትሄደው። የሐይቅ ጥልቀት ደግሞ ከ80 ሜትር ያልፋል። ይህን በፍጹም አታድርገው።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው ካርቡሬተር የሚመርጠው ብሎኑ ገጠመ አልገጠመ ብሎ ነው። አይበቃም። በብዙ ፋብሪካዎች ባለ 9.9 እና ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተሮች አካላቸው አንድ ነው። የሚለያያቸው በአብዛኛው ካርቡሬተሩ ነው። የ9.9ኙ ብሎኑ ልክክ ብሎ ይገጥምልህና ሞተርህ ግን ጉልበት አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ የጣና ዳሩ ወንድማችን ያለህን ኮድ አጥብቀህ ያዝ። የአየር መግቢያውን ጉሮሮ ስፋትም ከአሮጌው ጋር በካሊፐር አስተያይ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፣ እዚህ ላይ ልብ በለኝ። ሞተሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚስተካከሉት ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ሐይቅ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይከብደዋል። መድኃኒቱ ዋናውን ጄት በመጠኑ ማሳነስ ነው። ጄት የምልህ ቤንዚን የምትለካውን ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን ነው። ቁጥር ተጽፎባታል። ለሐይቅ ከፍታ ቀዳዳዋ በስፋት ከ4 እስከ 5 በመቶ ብታንስ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትድፈር፣ ቤንዚን ማነስ ከመብዛት የከፋ ነው።

ጫሞ 1,110 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ በፋብሪካው ጄት ደህና የሠራ ካርቡሬተር ሐይቅ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ጣና ግን 1,790 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኛ ብዙም አይርቅም። ከባሕር ዳር የመጣና እዚያ የተስተካከለ ዕቃ ለኛ ይቀርባል። ያም ሆኖ የአርባ ምንጩን አትጣለው። ጄት ይቀየራል፣ የላላ ዘንግ ግን አይቀየርም። መመዘን ያለብህ አካሉን ነው።

የቻይና ኮፒውንም አልንቅም። የቻይናው ፋብሪካ ፓርሱን የ15 ፈረስ ጉልበት ሞተሩን የሚሠራው በያማሃው 63ቪ አሠራር ነው፣ ብዙ ዕቃቸው ይወራረሳል። ኮፒ ላይ የምፈራው ያላለቀ ሥራ ነው። ቀጫጭን መንገዶቹ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ይቀራል፣ ቢራቢሮዋ ሙሉ በሙሉ አትዘጋም፣ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ከልክ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ኮፒ ከገዛህ ከመግጠምህ በፊት በትነህ እጠበው፣ በኮምፕሬሰር ንፋው።

አንድ ሥራ ስጠኝ። አሮጌውን ፈትተህ ጄቶቹ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ። የመያዣውን ኮድም ጨምር።

የደሴው ጀልበኛ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄጄ ያሉኝን አደረግሁ።

ኮዱ 63ቪ ነው። ፖምፗን ወንድሜ እየጨመቀ ሄድን፣ ምንም ለውጥ የለውም። የታንከሩ መተንፈሻም ክፍት ነው። ዋናዋን ጄት አወጣኋት። ነጋዴው ኮፒው ላይ ያለችውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ የእኔዋ ቁጥሯ ያነሰ ነው። ጓደኛዬም የአርባ ምንጩን አይቶ ከኮፒው ጋር እኩል ነው አለኝ። ታዲያ የእኔ ተሳስቶ የተገጠመ ይሆን?

የኮምቦልቻው መካኒክ፦

አብሽር፣ አልተሳሳተም። ከአንተ በፊት ሞተሩን የያዘው ሰው ወይም መካኒኩ ለከፍታው ብሎ አሳንሶታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ደስ ይላል። ያቺን ናስ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት።

ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አቅንተህ እያት። ክብ ከሆነች፣ ጠርዟ ካልተቧጨረ፣ ደህና ናት። ሽቦ ገብቶባት ከሆነ ግን ሰፍታለች፣ የተጻፈው ቁጥር አይታመንም። በካርቡሬተር ክሊነር ዘፍዝፋት፣ ከዚያ በአየር ንፋት። ሽቦም መርፌም አታስነካት።

ውሳኔዬን ልንገርህ። የአርባ ምንጩ ኦርጅናል ዘንጉ ካልተወዛወዘ እሱን ውሰድ፣ የራስህን ጄት ክተትበት። ጓደኛህ ዘንጉን በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲነቀንቀው ቪዲዮ ያንሳልህ። ሳህኑንም ፈትቶ ውስጡን ያሳይህ። የመርፌዋን መቀመጫ ለማየት ካርቡሬተሩን ገልብጦ በቤንዚን መግቢያው በአፉ ይንፋ። ተንሳፋፊው በክብደቱ ሲጫናት አየር ማለፍ የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ካልተሳካ ኮፒውን ግዛ። ጥርሱ ከገጠመ የአንተ ጄት እዚያም ይገባል።

ስትገጥመው የሚኒሞውን ብሎን በቀስታ እስከ መቀመጫው አጥብቅ። ከዚያ አንድ ተኩል ዙር መልሰህ ጀምር፣ ሞተሩ ሲሞቅ ታስተካክለዋለህ። ቤንዚኑ አዲስ ይሁን። ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ይህም 50 ለ 1 ነው። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል የጀልባ ዘይት ይሁን፣ የሞተር ሳይክል አይደለም።

ከዚያ ሰው ጭነህ ከዳር ሳትርቅ ጥቂት ደቂቃ በሙሉ ነዳጅ ሂድና ድንገት አጥፋው። በሚኒሞ አታቆየው። ካንዴላዎቹን ፍታ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆኑ ተሳክቷል። ጥቁርና እርጥብ ከሆኑ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆኑ ግን አንድም ጉዞ አትጨምር፣ ደውልልኝ።

ሲስተካከልም የባሕር ዳርቻውን 15 ፈረስ ጉልበት አትጠብቅ። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ሐይቅ ላይ የምታገኘው 12 ገደማ ነው። አራት ሰው ይዞ አሁንም ከከበደው ጥፋቱን ካርቡሬተሩ ላይ አታድርግ። ፕሮፔለሩን ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) በአንድ ኢንች ባነሰ ቀይር። ሞተሩ በደቂቃ ወደ 200 ዙር ይጨምርልሃል። የዚህ ሞተር ሙሉ ፍጥነቱ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ነው፣ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት።

እስክትጨርስ ድረስ እንግዳ አትጫን። መቅዘፊያም ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይኑር።

ጣና ዳር፦

ጋሼ የጻፉትን እዚህ ላሉ ልጆችም አስነብቤአለሁ። ወንድሜ፣ የአርባ ምንጩ ካልሆነልህ ጻፍልኝ። እዚህ ያሉትን ጠይቄ የ63ቪ ከተገኘ ፎቶ ከነኮዱ እልክልሃለሁ።

የደሴው ጀልበኛ፦

ቪዲዮው መጣ። ዘንጉ ንቅንቅ አይልም። ሳህኑም ውስጡ ንጹሕ ነው። መርፌዋም አየር አታሳልፍም። የእኔ ጄት ክብ ናት፣ ጭረት የላትም። ጓደኛዬ ነገ በአውቶቡስ ሊልከው ነው።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦

ጥሩ። ከመላኩ በፊት ቤንዚኑን አንጠፍጥፎ ያድርቀው፣ ሰው በሚጭን መኪና ቤንዚን ያለበት ዕቃ አይላክ። ጄቱን ሳይፈታ እንዳለ ይላከው፣ ለመለዋወጫ ትይዘዋለህ። ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበትን ጋስኬት ግን አዲስ ግዛ፣ አሮጌውን አትመልስ። እዚያ አየር ከገባ አዲሱም እንደ አሮጌው ያንቀዋል። ዕቃው ሲደርስህ አሳውቀኝ፣ መጥቼ አብረን እንገጥመዋለን።