ትልቁን ፋይል አጥፍቼዋለሁ፤ ጊት ፑሽ ግን አሁንም እምቢ አለኝ

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ካለች ጓደኛዬ ጋር የሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራን ኮዱን በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግብ ፕሮግራም) እየያዝን ጊትሀብ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ እናስቀምጣለን። አንዱ ኮሚት (የተመዘገበ የለውጥ ጥቅል) ውስጥ 140 ሜጋባይት ቪዲዮ ስለገባ፣ ወደ ጊትሀብ ለመላክ ፑሽ ሳደርግ «ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው» ብሎ መለሰው። ቪዲዮውን አጥፍቼ ሌላ ኮሚት ሠራሁ፤ መልሱ ያው ነው። ፓኬጄም እያለቀ ነው። ምን ላድርግ?

ጦሳ፦
አብሽሪ፣ ኮድሽ አይጠፋም። መጀመሪያ ግን ፑሽ መሞከሩን አቁሚ። ጊትሀብ የሚከለክለው ፋይሉ ከደረሰው በኋላ ስለሆነ፣ በሞከርሽ ቁጥር 140 ሜጋባይቱ ከፓኬጅሽ ይሄዳል።

ጊት ያልተላኩትን ኮሚቶች በሙሉ ነው የሚልከው። ቪዲዮው ከአዲሱ ኮሚት ቢጠፋም በቀድሞው ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ያልተላኩትን ፈትተሽ አንድ ኮሚት አድርጊያቸው። ማህደሩን፣ የተደበቀውን «.ጊት» ጨምሮ፣ ሌላ ቦታ ገልብጪና፦

ጊት ሪሴት --ሶፍት ኦሪጅን/ሜይን
ጊት ስታተስ

ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል ጻፊያቸው። «ኦሪጅን/ሜይን» ማለት ኮምፒውተርሽ እስከሚያውቀው ድረስ ጊትሀብ ላይ ያለው ኮድ ነው። ስታተስ ቪዲዮውን በአረንጓዴ (ለኮሚት የተዘጋጀ ብሎ) ካላሳየ ኮሚት፣ ቀጥሎ ፑሽ። ካሳየ አስቀድመሽ ጊት ሪስቶር --ስቴጅድ ብለሽ የፋይሉን ስም ጨምሪ። በ«ሶፍት» ቦታ «ሃርድ» እንዳትጽፊ፤ እሱ የጻፍሽውን ኮድ ራሱ ይደመስሰዋል።

ቦርከና፦
ጦሳ ያለው ልክ ነው፤ አንድ አደገኛ ቦታ ግን አለ። ጓደኛሽ በመሀል ፑሽ አድርጋ፣ አንቺም ጊት ፌች ብለሽ (አዲሱን ከጊትሀብ አውርደሽ) ከሆነ፣ ኦሪጅን/ሜይን የእሷን አዲስ ሥራ ይዟል። ያኔ ይህ ሪሴት የእሷን ለውጥ የሚሽር ኮሚት ያሠራሻል፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። ከሪሴቱ በፊት ስታተስን እዪ። «ዳይቨርጅድ» (ሥራችሁ ተለያይቷል) ካለና ሁለት ቁጥር ከሰጠሽ፣ የመጀመሪያው ያልተላኩ ኮሚቶችሽ ብዛት ነው። 3 ከሆነ በኦሪጅን/ሜይን ፈንታ ሄድ~3 (ከ3 ኮሚት በፊት የነበረው) ብለሽ ጻፊ። ከኮሚቱ በኋላ ጊት ፑል --ሪቤዝ (የእሷን አውርዶ ያንቺን ከላዩ ይደርባል)፣ ከዚያ ፑሽ።

የደሴዋ፦
«በ2 ኮሚት ቀድመሻል» ብቻ ነበር ያለኝ። አሁን ሄደልኝ፣ ኑሩልኝ! ቪዲዮ ዳግም እንዳይገባስ?

ሐይቅ፦
«.ጊትኢግኖር» የሚባል ፋይል ፍጠሪና *.ኤምፒ4 የሚል መስመር አስገቢ፤ እሱንም ኮሚት አድርጊው፣ ለጓደኛሽም ይድረሳት። ቀድሞ የተመዘገበን ፋይል ግን አያግድም፤ ለዚያ ጊት አርኤም --ካችድ ነው (ፋይሉን ከኮምፒውተርሽ ሳያጠፋ ከጊት ምዝገባ ያወጣዋል)። ጊት አድ (ፋይል ለኮሚት የምታዘጋጂበት) ላይም ነጥብ (ሁሉንም ፋይል ማለት ነው) ከማድረግ የፋይሎቹን ስም ጻፊ። ቪዲዮውን በፍላሽ ስጫት።