በ«ከቲንግ ፎር ስቶን» ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ለምን እንዲህ ወደድነው?

የንባብ ክበብ አስተባባሪ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አንባብያን። ክበባችን በዚህ ወር የሚወያየው በአብርሃም ቨርጊዝ «ከቲንግ ፎር ስቶን» ላይ ነው። ደራሲው ከህንዳውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የሕክምና ትምህርቱንም እዚሁ የጀመረ ሐኪም ሲሆን፣ ልብ ወለዱ በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሞ በብዙ አገር አንባቢ ዘንድ ተወዷል። ላላነበበ ሰው ያህል ባጭሩ ልንገር። በመስከረም 1947 ዓ.ም. ሚሲንግ በተባለ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ህንዳዊት መነኩሲት ጭንቅላታቸው የተያያዘ መንትያ ወንዶች ልጆች ወልዳ ትሞታለች፤ አባታቸው የሆነው ቀዶ ሐኪም ቶማስ ስቶን ጥሏቸው ይጠፋል፤ ማሪዮንና ሺቫ የተባሉትን ልጆች የሚያሳድጓቸው የሆስፒታሉ ሐኪሞች ሄማና ጎሽ ናቸው።

እንድትረዱኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገፋው የጠፋው አባትና የሞተችው እናት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ከአባሎቻችን መካከል መጽሐፉን የወደዱት ሁሉ የሚያነሱት የሄማንና የጎሽን ቤት ነው። ደም ያላስተሳሰረው ይህ ቤተሰብ በአንባቢ ልብ ውስጥ እንዲህ ሥር የሰደደው ለምን ይመስላችኋል? በተጨማሪም ሁለት ወዳጆቻችን ገና በወሊዱ ምዕራፎች ላይ ታክቷቸው መጽሐፉን አስቀምጠውታል፤ ምን ብዬ ላበረታታቸው? መጨረሻውን ሳይደብቁ መወያየት ይቻላል።

አዋላጅ ነርስ (ሐዋሳ)፦

ውድ አስተባባሪ፣ ያ ቤተሰብ ቤተሰብ የሆነው ወዳጆችዎ በታከቱባቸው ምዕራፎች ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ሄማ ከህንድ ዕረፍቷ በተመለሰችበት ቀን በቀጥታ ወደ ምጡ ትገባለች፤ ስቶን የእናቲቱን ሞት መቋቋም አቅቶት ሲሸሽ፣ ልጅ አሳድጋለሁ ብላ አስባ የማታውቀው ሴት ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ትቀራለች። እኔን ያሸነፉኝ ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ናቸው። የሺቫ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ እኛም ዘወትር የምናየው ነገር ነው፤ የውስጥ እግራቸውን ወይም ጀርባቸውን አሸት አሸት ሲያደርጓቸው ትንፋሻቸው ይመለሳል፤ ሆኖም ይህን የሚያደርግ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን አጠገባቸው መቀመጥ አለበት። በሚሲንግ ድምፁ ሲቆም ትንፋሹ መቆሙ እንዲታወቅ በሕፃኑ እግር ላይ አልቦ ታስሮ በፈረቃ ይጠበቃል። የሥጋ ዘመድ የሌለው ልጅ ትንፋሹ እንዳይቋረጥ እንቅልፋቸውን የሠዉ ሰዎች፣ ሲነጋ ወላጆቹ ሆነው ተገኙ። ይህን ሳነብ ደራሲው ሐኪም ባይሆን ኖሮ እንዲህ አድርጎ ሊጽፈው አይችልም ነበር ብያለሁ።

ስለ ጎሽም ልጨምር። ጎሽ ሄማን ለዓመታት በዝምታ ሲወድ ኖሮ፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ አሜሪካ ሊሄድ የተሰናዳ ሰው ነበር። ልጆቹ ሲወለዱ ይቀራል፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኖ ሳለም ስቶን ጥሎት የሄደውን የቀዶ ሕክምና ሥራ እየተማረ ይሸከማል። ሄማ ልታገባው የተስማማችው በየዓመቱ በሚታደስ የአንድ ዓመት ውል ነው። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ቀልድ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ጎሽ በየዓመቱ እንደገና ተመርጦ የሚኖር ባልና አባት ነው። የተወለዱበት ግዴታ የለም፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው የቀረው።

የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ ጡረተኛ (አዲስ አበባ)፦

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተማርን ሰዎች ከኬረላ የመጡትን ህንዳውያን መምህራን እናስታውሳለን፤ የደራሲው ወላጆችም ከእነዚያ መምህራን መካከል ነበሩ። ስለዚህ ሄማና ጎሽ ለእኔ ከሩቅ አገር የመጡ ገጸ ባሕርያት አይደሉም። ቤተሰባቸውንም «ከተለመደው ውጪ» ለማለት ይከብደኛል። የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ጉዲፈቻ የሚባሉ ነገሮች ባሉበት አገር፣ አጎት ወይም አክስት ዘንድ ያደገ ሰው በየመንደሩ በሞላበት አገር፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ሜትሮኗ፣ ዘበኛው፣ ሞግዚቷ ሮዚናና የቤት ሠራተኛዋ አልማዝ በአንድ ግቢ ተሰባስበው ልጅ ማሳደጋቸው ለእኛ የታወቀ ኑሮ ነው። የውጭ አንባቢ ይህን እንደ አዲስ ግኝት ሲያደንቀው እኛ ደግሞ አውቀነው እንወደዋለን።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት (ባሕር ዳር)፦

አባታችን ያሉትን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ግቢ መኖር አንድ ቤተሰብ መሆን ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ መጽሐፉ ራሱ በገነት በኩል ያነሣዋል፤ አንባቢ ሄማንና ጎሽን ከመውደዱ የተነሣ ግን ቶሎ ያልፈዋል። ገነት የሮዚና ልጅ ናት። ከመንትዮቹ ጋር አብራ ትጫወታለች፣ አብራ ታድጋለች፤ ሲመሽ ግን እነርሱ ወደ ዋናው ቤት፣ እርሷ ከእናቷ ጋር ከጀርባ ወዳለው የሠራተኛ ቤት ይገባሉ። አባቷ ዘሙይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ይሞታል። ጎሽም ከሤራው መሪ ከጄኔራል መብራቱ ጋር በነበረው ወዳጅነት ምክንያት ከርቸሌ ይወርዳል፤ ሆኖም ጎሽ ተፈትቶ ወደ ልጆቹ ይመለሳል፣ የገነት አባት አይመለስም። የአንዱን ቤት ደስታና የሌላውን ሐዘን ጎን ለጎን አስቀምጠን ካነበብነው፣ ገነት በኋላ ወደ ኤርትራ ነፃነት ታጋዮች መሄዷ ከሰማይ የወረደ ነገር አይመስለንም።

ከሁሉም የከበደኝ የግርዛቱ ነገር ነው። ሺቫ ከገነት ጋር ይተኛል፤ ሮዚና ጥፋቱን በማሪዮን ላይ ታላክካለች፤ ሥጋዋ ተቆርጦ እስከ ሞት አፋፍ የምትደርሰው ግን ልጅቷ ናት። ወንዶቹ ልጆች የበደሉትን ገነት በአካሏ ከፍላለች፤ ያም ሆኖ ተራኪው ማሪዮን ለብዙ ዓመታት የሚያዝነው ለራሱ የፍቅር ቁስል ነው። ሌላ ሰው ቢተርከው ኖሮ ስለዚህ ቤተሰብ የምንሰማው ነገር ይለወጥ ነበር። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አዘውትሬ አነሣዋለሁ፤ ነገር ግን ፍቅራችን ለዚህች ልጅ የሚገባትን ያህል ቦታ ሲሰጥ አላየሁም።

አንባቢ ከሜሪላንድ፦

የመምህርትን አስተያየት ደጋግሜ አነበብኩት፤ በገነት ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ የማነሣው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን «ደም ዋጋ የለውም፣ ፍቅር ብቻ ነው» ብለን ስንናገር መጽሐፉ ያላለውን እያልነው ይመስለኛል። ማሪዮን ከአገር ሸሽቶ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ቀዶ ሐኪም ከሆነ በኋላ በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ ወድሞ ሊሞት ሲቃረብ፣ የሚያድነው የሺቫ ጉበት ክፋይ ነው። ተያይዘው የሚወለዱ መንትዮች ከአንድ ፅንስ የተገኙ ስለሆኑ፣ የአንዱ አካል የሌላውን ሥጋ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት ደም ማለት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። በቀዶ ሕክምናው ላይም የጠፋው አባት ቶማስ ስቶን ራሱ ይሰለፋል። ሺቫ ወንድሙን አድኖ እርሱ በጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰ ደም ይሞታል። ይህን ክፍል ያነበብኩት በሥራ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ወደ ሥራ መመለስ አቅቶኝ ቆይቻለሁ።

ታዲያ ለሄማና ለጎሽ ያለን ፍቅር ለምን በለጠ? ለእኔ መልሱ ጎሽ በመጨረሻ ዘመኑ ያደረገው ነው። የደም ካንሰር ይዞት ሊሞት ሲል ለማሪዮን አደራ ይሰጠዋል፤ ስቶንን ፈልጎ አግኝቶ፣ ጎሽ እስከ መጨረሻው እንደ ወንድም እንደሚቆጥረው እንዲነግረው ነው አደራው። ልጆቹን ያሳደገው ሰው፣ ጥሏቸው የሄደውን አባት አልጠላውም፣ ልጆቹንም ከእርሱ አላራቀም። እኔ እዚህ አገር የእንጀራ ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ። ልጁ ስለ ወላጅ አባቱ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት ከጎሽ የተማርኩት ብዙ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉን እወደዋለሁ ስል ተራ አድናቆት አይደለም።

የንባብ ክበብ አስተባባሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህርት፣ የገነትን ጉዳይ የውይይታችን መክፈቻ አደርገዋለሁ፤ ከክበባችን አባላት ግማሾቻችን በቤታችን ሠራተኛና የሠራተኛ ልጅ ያለን ስለሆንን ቀላል ውይይት እንደማይሆን አውቃለሁ። ወንድሜ ከሜሪላንድ፣ ስለ ጎሽ አደራ የጻፍከውን ስምህን ሳልጠቅስ እንዳነብላቸው ትፈቅድልኛለህ?

አንባቢ ከሜሪላንድ፦

በደስታ።

አዋላጅ ነርስ (ሐዋሳ)፦

ስለ ሁለቱ ወዳጆችዎ የጠየቁት እንዳይረሳ። የወሊዱ ክፍል ዝርዝር የበዛበት ስለሆነ፣ የሕክምና ቃላቱን ሁሉ ካልተረዳን ብለው እንዳይቆሙ ይንገሯቸው፤ እኔም የማላውቃቸው ነበሩበት። ማሪዮን ገና ልጅ ሳለ ጎሽ የበሽተኛን የልብ ትርታ በጣቱ እየዳሰሰ እንዲለይ የሚያስተምርበት ቦታ ድረስ ብቻ ይታገሡ። እዚያ ደርሰው መጽሐፉን ካልወደዱት ቢመልሱት አልቀየማቸውም።