ለአጠረ እግር፦ የጄል ተረከዝ ወይስ የሶል ቆዳ?

ጥያቄ፦ አባቴ ቀኝ እግራቸው ከግራው እንደሚያጥር ሐኪም ነግሯቸዋል። ወገባቸውን በጣም ያማቸዋል። ጫማቸው ውስጥ የሚገባ ንጣፍ ፒያሳ ወይም መርካቶ የት ላግኝላቸው? የቱስ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ቅልጥሜ ተሰብሮ ሲገጥም ቀኝ እግሬ በ8 ሚሊ ሜትር አጥሮ ቀርቷል። መጀመሪያ ከመድኃኒት ቤት የጄል ተረከዝ (ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር የሚገባ ንጣፍ) ገዛሁ። በእጅ ሲይዙት ለስላሳ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ይሰረጉዳል፣ የተፈለገው ከፍታም አብሮ ይጠፋል። ደግሞ የሚሸጠው በጥንድ ስለሆነ ሻጩ በሁለቱም ጫማ አድርገው አለኝ። ሁለቱም እግር እኩል ከፍ ካለ ልዩነቱ የት ይሄዳል? አደራ፣ ባጠረው በኩል ብቻ ይግባ።

የጠቀመኝ ጠንካራው ነው። ከመርካቶ ሸራ ተራ ወፍራም የሶል ቆዳ ገዝቼ ለጫማ ሰፊ ሰጠሁ። የጫማዬን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ ወረቀት ላይ ነደፈው፤ ቆዳውን ተረከዙ ጋ ወፍሮ ወደ መሐል እግር እየሳሳ እንዲሄድ በቢላዋ ላገው፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ከንጣፉ ሥር በማስቲሽ አጣበቀው። በ3 ሚሊ ሜትር ጀመርኩ፤ ሰውነቴ ሲለምድ ሌላ 3 አስጨመርኩ። እዚያው ላይ ቆምኩ፤ ወገቤ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ነገር ግን ልኬቱ ይቅደም። የአጥንት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በሜትር ይለካል፤ በይበልጥ የሚያረጋግጠው ቆመው የሚነሡት ራጅ ነው። አጥንቱ እኩል ሆኖ ጡንቻ ተኮማትሮ ዳሌ የሚያዘነብልበት ሰው አለ፤ እርሱን የሚያድነው እንቅስቃሴ እንጂ ንጣፍ አይደለም። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈም ተረከዝ ከጫማው እየወጣ ያስቸግራል፤ ያኔ የውጭውን ሶል ማስወፈር ነው፤ ይህን የአካል ድጋፍ መሣሪያ ባለሙያ ቢሠራላቸው እመርጣለሁ። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገራቸው ግን ንጣፉን ተዪው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ ተባረክ ወንድሜ። አባቴ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ናቸው፤ ቅዳሴም አያስታጉሉም። ጫማ ሲያወልቁስ?

መልስ፦ ለቤት ጀርባው የተዘጋ ጫማ ይዘጋጅላቸውና ተመሳሳዩ ቆዳ ይግባበት፤ ነጠላ ጫማ አይዘውም። ለቅዳሴው እኔ አራዳ ጊዮርጊስ ስቆም መቋሚያዬን ባጠረው እግር በኩል እይዛለሁ፤ ሲደክመኝም ግድግዳ እደገፋለሁ።