መቃን እና ጉበን ልዩነታቸው ምንድነው? (የቁምስናችን በር ጉዳይ)

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ለገጣፎ አካባቢ ያለችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ልትታደስ ነው፣ የተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ "የቁምስናው መቃንና ጉበን በአልሙኒየም ይቀየራል" ይላል። የቱ መቃን የቱ ጉበን ነው? ቁምስናስ ሕንፃው ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ መቃን ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ ናቸው፣ ጉበን ከላይ የተጋደመው። ዘፀአት 12፥7ን ካስታወስሽ አይጠፋሽም፣ የፋሲካው በግ ደም የሚቀባው እነዚህ ላይ ነው። እግራችን የሚረግጠው ደግሞ ደፍ ይባላል።

ቁምስና ግን ሕንፃ አይደለም። ቆሞስ የሚያስተዳድረው ሰበካ ማለት ነው፣ ቆሞስ ራሱ ከግሪኩ ሄጉሜኖስ በአረብኛው ቁሙስ በኩል የደረሰን ቃል ነው፣ መሪ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ቀኖና ሕግም ቁጥር 515 ላይ የምእመናን ማኅበረሰብ ነው የሚለው። ስለዚህ "የቁምስናው ቤተ ክርስቲያን" ብላችሁ ጻፉ። ትልቅ ስለሆነ ብቻ ካቴድራል የምትሉም ተዉ፣ ካቴድራል የጳጳሱ መንበር ያለበት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ልደታ ማርያም።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ ምክንያቱም እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። እኛ "ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ" ስንል ሄጄ ጸለይኩ ማለታችን ነው አይደል፣ ግን አባባሉ ከየት መጣ ብለሽ ብትጠይቂ ሰው በእውነት ስለሚስም ነው፣ አጥሩን፣ ግድግዳውን፣ ከሁሉ በላይ መቃኑን። በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ካቶሊኮችም ይህንኑ ይላሉ ያደርጉታልም። የድሮ በር ላይ ቀረብ ብለሽ እዪ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ ግንባርና ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ከዛ በላይና በታች ግን ደረቅ ነው። ያ ምልክት ቅርስ ነው፣ ቀለም ቢቀባ እንኳን ይጠፋል፣ አልሙኒየም ሲገባማ በቃ።

የሰበታው፦ ትክክል ነው ወንድሜ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1965 ከተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በብዙ አገር ግድግዳው ላይ የነበረው መሠዊያ ወደፊት ወጥቶ ካህኑ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ፣ ምእመናን ተንበርክከው የሚቆርቡበት አጥርም በየቦታው ተነቅሏል። ያኛው ቢያንስ የሥርዓት ምክንያት ነበረው፣ የበሩ ምን ምክንያት አለው? ምስጥ ከበላው የተበላውን ቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት መቀጠል የሚችል አናጢ አለ እኮ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ፣ መዝጊያው ይቀየር መቃኑ ግን ይቆይ ብዬ እናገራለሁ።

መልስ፦ ጉበኑንም ጨምሪበት፣ እሱ ከተነሳ መቃኑን የሚይዘው የለም።