ከሀዋሳ ደርሶ መልስ፦ የቆየ አኗኗር የሚታይበት መንደር የት አለ?

የዕቁቡ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 25 ያህል የዕቁብ አባላት ነን፤ ጉልበታቸው የደከመ እናቶችም አሉን፣ ልጆችም ይከተሉናል። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ወጥተን ማታ መመለስ እንፈልጋለን። ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ጎጆ ሳይሆን ሰው የሚኖርበትና እንሰት የሚፋቅበት መንደር ነው ያማረን። ልጆቻችን ቆጮን የሚያውቁት ከገበያ ነው። የት እንሂድ? በምን መኪና?

ቡና ወዳጅ፦ ዲላ! 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የተመዘገበውም ሰዉ የሚኖርበትና የሚያለማው ተራራ ራሱ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ መሐል መሐሉን ቡና። ኅዳር ደግሞ ቡና ይለቀማል። ጨልባ ቱቱቲ ያሉትን ትክል ድንጋዮችም እዩ፣ ከዲላ ሩቅ አይደሉም።

የይርጋለም ልጅ፦ እናቶቹንስ? የጌዴኦ መንደር ዳገት ነው። ይርጋለም በግማሽ መንገድ አለላችሁ፤ የሲዳማ የቀርከሃ ቤትም እንሰትም በጓሮው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ግን አትሞክሩ፣ መኪና ውስጥ ይመሽባችኋል።

ሹፌሩ፦ አንድ ኮስተር ይዛችሁ ሂዱ። ኮንትራት ስትነጋገሩ ናፍጣና የሹፌር አበል በማን እንደሆነ ለዩ፤ ጭቅጭቁ ሁሌ እዚያ ላይ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ መንደር ድረስ እንደሚገባም አስምሉት። አንዳንዱ ጭቃ ሲያይ መንገድ ዳር አራግፏችሁ ይተኛል።

ባለ እንሰቷ፦ ያለ ቀጠሮ ከሄዳችሁ ሲፋቅ ላታዩ ትችላላችሁ። ዘመድ ያለው ሰው ፈልጉ ወይም አስጎብኚው አስቀድሞ ከአንድ ቤት ጋር ይነጋገር። ደግሞ ዛሬ የተፋቀው ዛሬ አይበላም፤ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንታት፣ ሲልም ወራት ይብላላል። ስለዚህ ለምሳችሁ የደረሰ ቆጮ እንዲያዘጋጁላችሁ እዘዙ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ነው የሚያስተናግዷችሁ፤ ሒሳቡን ለአስጎብኚው ብቻ ሰጥታችሁ እንዳትመጡ። ፎቶም አስፈቅዳችሁ። ክትፎ ካሰባችሁ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ከዚያ በፊት ሂዱ። (በጾም በጎመንም ግሩም ነው።)

የዕቁቡ ጸሐፊ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ብዙው ሰው ዲላን መርጧል። እናቶቹን ግን እንዴት ላድርግ?

ባለ እንሰቷ፦ አንድ ቤት ላይ ቡና ይፈላላቸው፣ እንሰቱ ሲፋቅም እዚያው ተቀምጠው ይዩ። ዳገቱን ልጆቹና አንተ ውጡት።