ሦስተኛዋን ቨርቹዋል ማሽን ስከፍት ኮምፒውተሬ ይደርቃል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነኝ። ኔትወርክ ለመለማመድ ብዬ ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሬ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠሩ) ጫንኩ፤ ሁለት ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት)፣ አንድ ዊንዶውስ 10። የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) 8 ጊጋባይት ነው፤ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ። ለእያንዳንዳቸው 2 ጊጋባይት ራም ሰጠኋቸው።

ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። ሦስተኛዋን ስከፍት ግን ማውሱ ራሱ ይቆማል፤ የዲስኩ ቀይ መብራት ሳይጠፋ ይበራል። ትናንት አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲቀዳ እንኳ አልተከፈተችም! ለራሱ ለኮምፒውተሬ ዊንዶውስ የተረፈው 2 ጊጋባይት ስለሆነ ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመበት ይመስለኛል።

ኡቡንቱዎቹን ያለ መስኮትና ምስል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጠሁ ብቻ፣ በ1 ጊጋባይት ባስኬዳቸው ይበቃል? ፒያሳ ያለው ባለሱቅ «ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ዲስክ) ግዛ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ራም ይቅደም ባይ ነኝ። ብሬ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።