በክረምት እንቁላል የቀነሱ ዶሮዎች እና የካልሲየም ጉዳይ

ጥያቄ፦
ኮተቤ በሚገኘው ጓሮዬ ስምንት ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ። እስከ ሰኔ አጋማሽ በቀን ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት እንቁላል እሰበስብ ነበር፤ ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን ከሦስት አይበልጥም። ከሁሉ ያሳሰበኝ ባለፈው ሳምንት ከቆጡ ሥር ያገኘሁት ቅርፊት አልባ እንቁላል ነው፤ ሳነሣው ውኃ እንደ ሞላ ፊኛ መዳፌ ላይ ተልፈሰፈሰ። መኖ ስለተወደደብኝ የእንቁላል ጣይ መኖውን ከፉርሽካ ጋር እኩል እየቀላቀልሁ እሰጣቸዋለሁ። ጎረቤቴ ኖራ ጨምሪበት ትለኛለች። ካልሲየም ብጨምርላቸው ምርቱ ይመለስ ይሆን?

መልስ 1፦
እባክዎ፣ ከሁሉ አስቀድመው ኖራውን ይተዉት። ለግድግዳ ቀለም እና ለግንባታ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ የዶሮዎቹን አፍ እና ጉሮሮ ይልጣል፤ ለመኖ የሚሆነው መኖ ሻጮች ላይምስቶን የሚሉት፣ ሳይቃጠል የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ፉርሽካው ይመስለኛል። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። አንዲት ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ ደህና የእንቁላል ጣይ መኖ ደግሞ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ስለሚይዝ 4 ግራም ያህል ታገኛለች፣ ከዚያም ወደ ሰውነቷ የሚገባው ግማሹ ገደማ ነው። መኖውን በፉርሽካ እኩል ሲያቀጥኑት ይህ ሒሳብ ይፈርሳል፤ ጉድለቱንም ዶሮዋ ከገዛ አጥንቷ ትሞላለች። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀው፣ በምጣድ አምሰው፣ ምስር ክክ እስኪያክል ወቅጠው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ለብቻው በሳህን ያቅርቡላቸው። የሚያስፈልጋትን ያህል ራሷ ትለቅማለች።

መልስ 2፦
እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ወደ 9 ሰዓት ተኩል ስለሚወርድ ዶሮዎቼ ካልሲየም እንደ ልብ እያላቸው መጣል ያቆማሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን በረጅሙ እና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በወቅቱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ይልቁንስ በዝናቡ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ጨለማ ቤት ተዘግተው ይውሉ እንደሆነ ይመልከቱ። ፀሐይ ካላገኙ ቪታሚን ዲ ሊያንሳቸው ይችላል፣ ያለ እርሱ ደግሞ የሚበሉት ካልሲየም በሚገባ አይሰርጽም። ከንጋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አንድ አምፖል ቢያበሩላቸው የብርሃን ሰዓታቸው ከ14 ይበልጣል።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በእርግጥም ተዘግተው ነው የሚውሉት። ሁለቱ ደግሞ አንገታቸው አካባቢ ላባቸውን እያራገፉ ነው፤ ዕድሜያቸው ዓመት ተኩል ሆኗል። አብረዋቸው የሚያድጉ ሦስት የሁለት ወር ጫጩቶችም አሉኝ።

መልስ 1፦
ላባ የሚቀይሩት ሁለቱ ለጥቂት ሳምንታት ባይጥሉ አይደንግጡ፤ ሳይቀላቅሉ ጥሩ መኖ ይስጧቸው። ጫጩቶቹን ግን ዛሬውኑ ለዩአቸው፤ ለእነርሱ 1 በመቶ ያህል ካልሲየም በቂ ሲሆን፣ የእንቁላል ጣይ መኖ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።